አራት ብር እዝንና የቅሬያችን ቃሬዛ

ጥቅምት 25 ቀን 1974 ዓ.ም.
ከአሸተን ማርያም ግርጌ፣ ላሊበላ

ለተከበሩ ጓድ የላስታ ሰፊው ሕዝብ ቁጠባና ብድር ቤት ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደ ቤትዎ ቆርቆሮ ዝናብ የማያስገባ፣ ገበታዎ እንደ ብረት ሣጥንዎ የሞላ፣ እንቅልፍዎም በማንም ሰው ለቅሶ የማይቋረጥ ይሁን እያልሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛን ስለ ጤናችን ባይጠይቁንም እንደ ጠየቁን ቆጥረን እንመልሳለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሞቱት በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

እኔ ይማርሽ አረጋ የምባል፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ሦስት ጊዜ ከፊትዎ ቆሜ ነበርና ያውቁኛል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን አንዱን ጊዜ ዳቦ እየበሉ፣ ሁለቱን ጊዜ ጋዜጣ እያነበቡ ስለ ነበር ቀና ለማለት አልተመቸዎትም። ማንበብ ምን ያህል እንደሚጥም እኔም አውቃለሁና አልተቀየምሁም። ፊደል የለየሁት የቄስ ተማሪዎች ከአጥር ወዲያ ሲጮኹ እየሰማሁ፣ ዱቄት በተነፋበት ሰፌድ ላይ በጣቴ እየጻፍሁ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣም፣ የዘመተው ልጅ አንድ ሰው አስተማርሁ ብሎ እንዲደሰት፣ እንደማላውቅ ሆኜ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመርሁለት። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የቃል ስሕተት ቢያገኙ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የቁጥር ስሕተት ቢያገኙ ግን ቁጥሩን የቀዳሁት ከእርስዎ ወረቀት ላይ ነው።

ደብዳቤውን አሽጌ ያልላክሁት በሰው ፊት ላዋርድዎ ብዬ አይደለም። በበርዎ ላይ በቀይ ቀለም «ሂስና ግለ ሂስ የሥራችን መስተዋት ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። መስተዋት ታሽጎ አይላክም፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እኔም ከዚያው ጽሑፍ ሥር ለጥፌዋለሁ።

ነገሩ የቅሬያችን ነገር ነው። እርስዎ በመጡበት አገር እድር ይባል ይሆናል። በእኛ ዘንድ ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፍቶ የሚጠራ፣ መቃብር የሚቆፍር፣ መግነዝ የሚገዛ፣ ሬሳ የሚሸከም፣ ሐዘንተኛውንም አርባ ቀን እስኪሞላው ብቻውን የማይተው ማኅበር ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ያለበት ነው፤ ሸማኔው አብደላና ሚስቱ ጀውሀራ ለቅሶ ሲሆን ከእኛ ቀድመው ይደርሳሉ። ዳኛችን አያ አዝመራው ናቸው። መዋጯችን ለእንደ እርስዎ ያለ የገንዘብ ሰው ለመናገር የሚያሳፍር ስሙኒ ነው፤ እሱንም ቢሆን በየወሩ የሚሰጠው ጥቂት ነው፣ እህል ሲገባ አጠራቅሞ የሚከፍለው ይበዛል።

እንግዲህ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ከቤትዎ የሚወጣው ወረቀት ሁሉ ቁጥር ስላለበት፣ ቁጥር የሌለው ነገር አይነበብልኝ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው።

1ኛ. የቅሬው ገንዘብ ድሮ በአያ አዝመራው ቤት፣ ከጣሪያ በተንጠለጠለ ቅል ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። እርስዎ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ መንደራችን ወጥተው፣ ከወይራው ሥር ሰብስበውን፣ ገንዘብን በቅል ማስቀመጥ የኋላ ቀርነት ምልክት መሆኑን፣ የሰፊው ሕዝብ ገንዘብ በሰፊው ሕዝብ ቤት መቀመጥ እንደሚገባው፣ እዚያም ሌባ እንደማይሰርቀው፣ አይጥ እንደማይበላው አስተማሩን። እውነትዎን ነበር። አንድ ጊዜ አይጥ ቅሉ ውስጥ ገብታ አንድ ብር ቆርጥማብናለች። ብሩን ከበላች በኋላ ግን «ስቆረጥም ለደከምሁበት» ብላ ሁለተኛ ብር አልጠየቀችንም። ከዚህች ኋላ ቀር አይጥ ስላዳኑን እናመሰግናለን።

2ኛ. ባለፈው ሐምሌ ተስቦ ገባብን። መጀመሪያ ወይዘሮ ገለቴ ሞቱ፤ በአራተኛው ቀን ልጃቸው ደርበው ተከተላቸው። ደርበው ሦስት ልጆች ያሉት፣ ጉልበቱ ገና ያልደከመ ሰው ነበር። ለወይዘሮ ገለቴ አያ አዝመራው ወደ እርስዎ ቤት ወርደው ለመግነዝ አቡጀዲና ለንፍሮ እህል የሚሆን ሃያ ብር አወጡ። ለደርበውም በዝናብ ተመልሰው ወርደው ሃያ ብር ሲጠይቁ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት መዝገቡን ገልጦ «አባባ፣ ያላችሁ አሥራ ስድስት ብር ነው፤ ግን ግድ የለም፣ የጎደለውን አራት ብር ቤቱ ይሞላላችኋል» አላቸው።

አያ አዝመራው ዕድሜያቸውን ለቅሶ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው። በዚህ አገር፣ የሞተ ሰው ስም ተጠርቶ የጎደለ ነገር ሲሞላ፣ ያ ነገር አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ እዝን ይባላል። እዝን ለሐዘንተኛ የሚገባ እንጀራ ነው፣ እህል ነው፣ ገንዘብ ነው። አይጠየቅም። የሚመለሰው በአምጪው ቤት ሐዘን በገባ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው «እግዜር ይስጥልን ልጄ፣ ሐዘን ቤታችሁን አይልመደው» ብለው ወጣቱንም እርስዎንም መርቀው ተመለሱ። ከቀብር መልስ እዝኑ ለሐዘንተኛው ሲጠራ እኔ ራሴ ነበርሁ። «ከሸማኔው ከአብደላ አንድ ቁና ገብስ! ከይማርሽ አንድ መሶብ እንጀራ! ከቁጠባና ብድር ቤቱ አራት ብር!» ሲባል ሰው ሁሉ ተያየ። ጀውሀራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ለካ እነሱም እናት ወልዳቸዋለች» አለች። በዚያ ቀን ስምዎ በእኛ መንደር እንዴት እንደ ተባረከ ቢሰሙ ኖሮ ቅዳሴ ይመስልዎ ነበር።

የደርበው ተዝካር በነሐሴ ማብቂያ ሲደርስ፣ እዝን ያመጣን ሰው አለማስታወስ ነውር ነውና፣ ከድግሱ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ለእርስዎ ቤት ይለይ ተባለ። አያ አዝመራውና እኔ ይዘን ወረድን። ዳቦው ተበላ። እርስዎም ከመካከሉ፣ ከለስላሳው በኩል ቆርሰው እንደ በሉ አይቻለሁ፤ ይስማማዎ። እጅዎን ከጠረጉ በኋላ ነው ያ ወጣት፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ፣ አንድ ወረቀት ለአያ አዝመራው የሰጣቸው። አያ አዝመራው ማንበብ ስለማይችሉ የምስጋና ወረቀት መስሏቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፤ ግንባራቸውን አስነክተው ሳሙት። ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ፣ ዳገቱ ሳይጀመር።

3ኛ. ወረቀቱ አራቱ ብር ሰላሳ ብር መሆኑን በጥሩ ጽሕፈት ይገልጻል። ካለን በላይ ስላወጣን አምስት ብር ተቀጥተናል። ጉድለቱን ሳንሞላ ለቆየንበት ለያንዳንዱ ሳምንት ሦስት ብር ተጨምሮብናል፤ የተጀመረ ሳምንትም እንደ ሙሉ ይቆጠራል። ለተጻፉልን ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ደግሞ ለያንዳንዳቸው ብር ከሃምሳ እንድንከፍል ተደርጓል። ማስጠንቀቂያዎቹ እኛ ዘንድ አልደረሱም። ከእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ሆነው ያስጠነቀቁን መሆኑን ወጣቱ ነግሮናል።

ስለ መዘግየታችን አንድ ነገር ልበል። እዝን ነው ባንል እንኳ፣ ዕዳ ነው ብለን ብናውቅ እንኳ፣ እነዚያን አርባ ቀን ማንም ከእኛ መካከል ወደ እርስዎ ባልወረደ ነበር። ቅሬያችን ከሐዘን ቤት አርባ ቀን ሳይሞላ ዕዳ አይጠይቅም፤ የጠየቀ ሰው አንድ ጋን ጠላ ይቀጣል። የቅሬውን ገንዘብ የያዘ ቤት የቅሬውን ወግ የያዘ መስሎን ነበር። እርስዎ በእኛ ሐዘን ሳምንት እየቆጠሩ ሦስት ሦስት ብር ሲጽፉብን፣ የደርበው ሚስት ገና ፀጉሯን እንደ ተላጨች ነበረች።

አያ አዝመራው በማግሥቱ ከራሳቸው ኪስ አራት ብር ይዘው ወረዱ። ተቀበሏቸው። ነገር ግን የሚከፈለው ገንዘብ መጀመሪያ ለቅጣቱ እንጂ ለዋናው ዕዳ እንደማይሆን ተነገራቸው። በመስቀል ሰሞን ከየቤቱ ስሙኒ ለቅመን አሥራ አንድ ብር ይዘን ወረድን፤ እሱንም ቅጣቱ በላው። ያቺ አራት ብር እስከ ዛሬ ሰው እጁን ሳያሳርፍባት እንደ ታቦት ተከብራ ተቀምጣለች። አሥራ አምስት ብር ከፍለን ዕዳችን ዛሬ አርባ ሁለት ብር ደርሷል። የእኔ በግ በዓመት አንድ ጊዜ ትወልዳለች፣ እሱንም ጅብ ካልቀደመኝ። የእርስዎ አራት ብር በየሳምንቱ ሦስት ትወልዳለች። ዘሯን ቢያካፍሉን ላስታ ዳግመኛ አይራብም ነበር።

አርባ ሁለት ብር ምን እንደሆነ በእርስዎ በኩል አላውቅም። በእኛ በኩል ሁለት ሰው ከነመግነዙ፣ ከነንፍሮው ቀብረን የሚተርፍ ገንዘብ ነው። እኔ ያልተማርሁ ሴት ስለሆንሁ አንድ ነገር አልገባ ብሎኝ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ሰው እህል በመስረቁ ይቀጣል፤ ድንበር በመግፋቱ ይቀጣል፤ ሰው በመደብደቡ ይቀጣል። ገንዘብ በማጣቱ ገንዘብ የሚቀጣ ሰው ግን ከእርስዎ ቤት በቀር በየትም አልሰማሁም። ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ቅጣት አያውቀውም፤ ምን ጎድሎት። ቅጣቱ ከደሃ በቀር የሚያገኘው የለም፤ ያገኘውንም ሳያደኸይ አይለቅም። ራቁቱን የቆመን ሰው ምን አስወልቀው እንደሚቀጡት ላላወቁት ለቀድሞዎቹ ገዦች እርስዎ መንገዱን አሳይተዋል።

ይህ ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ስንጠይቅ ሁልጊዜ አንድ መልስ ብቻ አገኘን፤ ደንቡ ነው። ደንቡ አይፈቅድም፤ ደንቡ ያዛል፤ ደንቡ አይምርም። አንድ ቀን ጀውሀራ ከእኔ ጋር ወርዳ ይህን ስትሰማ ቆይታ፣ ስንወጣ «ይህ ደንቡ የሚሉት ሰውዬ እናትም የለችው?» ብላ ጠየቀችኝ።

4ኛ. ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው እንዳይሉኝ ይህን መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ጀውሀራ አብራኝ ከወረደችበት ቀን በኋላ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጋዜጣ ሲያነቡ በቆምሁበት ማለዳ፣ ባለ ወፍጮው ገባ። ካለው በላይ ሦስት መቶ ብር አውጥቶ ኖሯል። ጋዜጣው ታጠፈ። ወንበር ተሳበ። «ጊዜያዊ ነገር ነው፣ እህል ሲገባ ይስተካከላል፤ እንደ እርስዎ ያለውን ደንበኛ በዚህ አናስቸግርም» ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ፤ ቅጣቱንም ሰረዙለት። የእሱ ሦስት መቶ ብር ጊዜያዊ፣ የእኛ አራት ብር ጥፋት ከሆነ፣ ጥፋታችን ጥቂት መጉደላችን ነው። ለወደፊቱ ስንጎድል በሰፊው እንድንጎድል ቅሬውን እመክራለሁ። እኛም ሰፊው ሕዝብ ነን ተብለናልና።

በዚህ መካከል የእርስዎ ቤት ለመንደራችን ያደረገልንን ሌላ ውለታ መርሳት አይገባኝም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሰዳድቦ የማያውቀው ቅሬ ተሰዳደበ። አንዱ ተነሥቶ አያ አዝመራውን «በሰው ፊት እዝን ብለህ ያስጠራኸው አራት ብር ቤታችንን ሊያፈርስ ነው» አላቸው። ሌላው «አንተስ ያኔ አሜን ስትል አልነበረምን? ከዳቦውም አልቆረስህም?» አለው። ድሮ አንድ ቃል ሲናገሩ ሸንጎው ጸጥ ይል የነበሩት አያ አዝመራው፣ በትራቸውን አነሡና ከዳር ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ከዳር ናቸው። በሬያቸውን ሸጠው ሊከፍሉ ነበር፤ እኛ ከለከልናቸው። አንድ በሬ ያለው ሰው ያንን ሸጦ በምን እንደሚያርስ ደንቡን ብንጠይቀው ምን ይመልስልን ነበር?

5ኛ. ባለፈው ሳምንት ሁለት ሠራተኞችዎ በዕዳው ፈንታ የሚሸጠውን የቅሬውን ንብረት ሊመዘግቡ ወደ እኛ ወጡ። ለእግራቸው ውኃ አቀረብን፤ ጠላም ጠጡ። ድንኳን አንድ፣ የመዳብ ድስት ሁለት ብለው ጻፉ። ከግድግዳው የተደገፈውን ሲያዩ ግን አንደኛው «ይሄ መሰላል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጀውሀራ «አዎን ልጄ፣ መሰላል ነው፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወጣበት» አለችው። ልጁ ሳይስቅ «ያገለገለ መሰላል፣ ሁለት ብር» ብሎ ጻፈ።

ቃሬዛችን ነው። ወይዘሮ ገለቴም ደርበውም የሄዱት በእሱ ነው። የአብደላ አባት የሄዱት በእሱ ነው። ስንት ሰው እንዳደረሰ እኛ አልቆጠርንም፤ በእርስዎ ቤት ቢሆን ይቆጠር ነበር። ከነገ ወዲያ በስተማግሥቱ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 28 ቀን፣ በገበያ መካከል ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጋር በሐራጅ እንደሚሸጥ የሚናገረው ማስታወቂያ ከዚህ ደብዳቤ አጠገብ ተለጥፏል። ሰው ሁለቱንም አብሮ ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ቃሬዛ ያልነበረበት አንድ ዓመት አውቃለሁ። በስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን ቅሬው ራሱ ተበትኖ፣ ጥሩምባ የሚነፋም የሚሸከምም ጠፍቶ ነበር። ቢሆነኝ የሚባለው ባሌ የሞተው በዚያ ዓመት ነው። እንዴት እንደ ወጣ፣ እኔም ያን ቀን ምን እንዳደረግሁና ምን ሳላደርግ እንደ ቀረሁ፣ ለነፍስ አባቴ እንጂ ለባንክ የሚነገር አይደለም። ለእርስዎ የምነግርዎ ይህን ያህል ነው፦ ቃሬዛ የሌለው መንደር አይቻለሁ። በስብሰባ ላይ ድምፄ ተሰምቶ የማያውቅ ሴት ዛሬ ግድግዳ ላይ የምጮኸው ያንን ሁለተኛ ላለማየት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልሁም።

እምዬ ሸጌ የምንላቸው አሮጊት ጎረቤት አሉኝ። የወለዷቸውን ሁሉ ቀብረዋል። ጥጥ ፈትለው ለአብደላ እየሸጡ፣ የቅሬውን ስሙኒ ከማናችንም ቀድመው ይሰጣሉ፤ «ሌላው ለልጁ ያወጣል፣ እኔ ለቅሬ አወጣለሁ፤ የሚያነሡኝ ልጆቼ እናንተ ናችሁ» ይሉናል። ከመስከረም ጀምሮ ታመዋል። በሽታው ግን የሚገድል አልነበረም፤ ጧት ጧት አጥሚት እየወሰድሁላቸው ቀና ማለት ጀምረው ነበር። የሰው አፍ መዝጊያ የለውምና አንዱ የሐራጁን ወሬ ነገራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሚቱን ሳቀርብላቸው ከንፈራቸውን ገጥመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቅዳሜ ስንት ቀን ቀረው?»

እንግዲህ ልብ ይበሉ፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ። ሴትዮዋ ቃሬዛው ሳይሸጥ ለመሞት እየተጣደፉ ነው። እህል የተዉት ጠልተውት አይደለም፤ ከእርስዎ ሐራጅ ለመቅደም ነው። ትናንት ለምኜ ለምኜ ሲያቅተኝ አለቀስሁ። «ተይ ይማርሽ፣ አታባብይኝ፤ መንገዴን አታስረፍጂብኝ። ከቅዳሜ በፊት ከሆነ በቃሬዛዬ እሄዳለሁ። ካለፈኝ በምን ልትወስዱኝ ነው፣ በአህያ?» አሉኝ። እኔም ሐራጁ ቀርቷል ብዬ ዋሸኋቸው። ሽማግሌ አይታለልም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው «እንግዲያስ ወረቀቱን አምጪና አንብቢልኝ» አሉ። ወረቀት አልነበረኝም።

ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው ገንዘብ አይደለም። አራቱን ብር እንከፍላለን፤ እዝን አለመሆኑን ካስረዱን ወዲህ የእርስዎን ቤት አራት ብር በልተን መኖር እኛንም ይቀፈናል። የምለምንዎ አንድ ወረቀት ነው። ሐራጁ ተላልፏል ተብሎ ሁለት ቃል ይጻፍበት፣ ማኅተም ይረፍበት። ለሳምንትም ቢሆን፣ ለሁለት ሳምንትም ቢሆን፤ እኔ ቀኑን ሳላነብ አልፈዋለሁ። ወረቀት በቤትዎ ብር ከሃምሳ እንደሚያስከፍል አውቃለሁና ይህንንም ከዕዳችን ላይ ይጨምሩት። ካስከፈሉን ወረቀት ሁሉ ያለ ቅሬታ የምንከፍለው ይህ ብቻ ይሆናል። እንደ ማስጠንቀቂያዎቹ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር እኔው ራሴ ከበርዎ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ጊዜዎን ስለ ወሰድሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ጋዜጣዎን ያብዛልዎ፣ የሚቆርሱት ዳቦም ሁልጊዜ ከለስላሳው በኩል ይሁንልዎ እያልሁ፣ ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ እሰናበታለሁ።

የአራት ብር ባለ ዕዳዎ፣ የሰላሳ ስምንቱ ግን ያልሆንሁ፣
ይማርሽ አረጋ
የቢሆነኝ ሚስት የነበረች

ግልባጭ፦
— ለቅሬያችን ዳኛ ለአያ አዝመራው (እኔ አነብልዎታለሁ፤ የምስጋና ወረቀት ነው ብለው እንዳይስሙት)
— ለባለ ወፍጮው፣ እንዲያው ለደስታቸው
— ለቅዳሜ ገበያተኛ በሙሉ

ተጨማሪ፤ ዓርብ ጥቅምት 27 ቀን፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት

ከዚያው ወረቀት ግርጌ ቦታ ስለ ተረፈኝ ይህን ጨመርሁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቆመው እስከ መጨረሻው እንዳነበቡት ያዩ ሰዎች ነግረውኛል፤ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በደጅዎ ቆሜ ዋልሁ። ወረቀት አልወጣም።

እምዬ ሸጌ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ዐረፉ። በአንድ ቀን ቀደሙዎት። መግነዛቸውን አብደላ ከሸማ ዕቃው ላይ ቆርጦ ሰጠ፤ ፈትሉ የራሳቸው ነው፣ ከማንም አልተበደሩም። ጥሩምባው በደጅዎ ሲያልፍ ከቤትዎ አንድ ሰው ብቻ ወጥቶ ትከሻውን ሰጠን። በደመወዙ እንዳይቀጡት ስሙን አልጽፍም። አያ አዝመራው ከፊት ሆነው ተሸከሙ።

ከመቃብር ስንመለስ ቃሬዛውን አምጥተን ከበርዎ ላይ አቁመነዋል፤ ሠራተኞችዎ ለነገው ገበያ ዳገት እንዳይወጡ ብለን ነው። ድንኳኑና ድስቶቹም አሉ። የሚገዛ ቢገኝ ሁለቱን ብር ከቅጣቱ ላይ ያንሡልን፤ አራቷን አይንኩብን፣ ለምደናታል።

የገዢውን ስም ግን አደራ ይጻፉልን። እርስዎ በዚህ አገር ወንድምም፣ ልጅም፣ አማችም የለዎትም። ቀንዎ በመጣ ጊዜ ከገዛው ሰው ለምነን ተውሰን፣ ጥሩምባ አስነፍተን፣ ዳገቱን በትከሻችን እናወጣዎታለን። ስለምንወድዎ አይደለም። ሬሳ ደጅ ስለማናሳድር ነው።